ፍጥነት ሲጨመርበት ዝም ያለ ኮምፒውተር

በአትላንታ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው አካባቢዎች አንዷ በሆነችው በክላርክስተን፣ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። ከሳሎኑ ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ልጅቷ የኮሌጅ ትምህርቷን ትከታተልበታለች፤ አባት የግብር ሰነዶቹን ያኖርበታል፤ እናት ከአገር ቤት የተላኩላትን ፎቶግራፎች ታስቀምጥበታለች። አንድ ቅዳሜ ማታ ወንድ ልጃቸው የማሽኑን ፍጥነት ለመጨመር ወደ ባዮስ ገጽ ይገባል፤ አንድን ቁጥር ከ45 ወደ 50 ይቀይራል፤ ቮልቴጁንም ከፍ ያደርጋል፤ ለውጡን አስቀምጦ ይወጣል። ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ፤ መብራቶቹ ይበራሉ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሰኞ ጠዋት እኅቱ ፈተና አላት።

በዚህ ሰዓት ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው ቃል «ተቃጠለ» የሚለው ነው። ከዚያም ችኮላ ይከተላል፦ አዲስ ፕሮሰሰር ለመግዛት መነሣት፣ ያገኙትን ገመድ ሁሉ መነቃቀል፣ ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን መሞከር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያመጣው ፍጥነት መጨመሩ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚደረገው መዋከብ ነው። እንዲህ ካለው ለውጥ በኋላ ለመነሣት እምቢ ያለ ኮምፒውተር በአብዛኛው አልሞተም። ሊፈጽመው የማይችለውን ትእዛዝ ይዞ ቆሟል እንጂ። መድኃኒቱም ትእዛዙን ማስረሳት ነው። ይህ እንዴት እንደሚደረግና ለምን እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ከአትላንታ ዳርቻ የወጣው ፕሮግራም

ወጣቱ ቁጥሩን የቀየረበት ገጽ ባዮስ ይባላል። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በተተከለ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት ይቆጥራል፤ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም ዊንዶውስን ወይም ሌላውን ሥርዓት ከዲስክ ቀስቅሶ ሥራውን ያስረክባል።

ይህ ፕሮግራም ከአትላንታ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ትውልደ ህንዳዊው መሐንዲስ ሱብራሞኒያን ሻንካር ከፓት ሳርማ ጋር ሆኖ አሜሪካን ሜጋትሬንድስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ኩባንያው ለረጅም ዓመታት የኖረው ከአትላንታ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በኖርክሮስ ሲሆን፣ በኋላም እዚያው ግዊኔት ካውንቲ ውስጥ ወደምትገኘው ዱሉዝ ተዛውሯል። ከክላርክስተን ተነሥቶ ለሚጓዝ ሰው ሁለቱም ሩቅ አይደሉም። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ አንዱ ኋላ ዴል የሚለውን ስም የያዘው ድርጅት ነበር። ኩባንያው ያዘጋጀው ባዮስ በዓለም ዙሪያ በእጅግ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ተጭኗል፤ ዛሬም «አፕቲዮ» በሚል ስም የሚታወቀው ተተኪው በስፋት ይሠራበታል። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ኮምፒውተሩን ሲያበራ «አሜሪካን ሜጋትሬንድስ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው፣ ያየው ከአትላንታ ጎረቤት የወጣ ሥራ ነው።

ባዮስ ተጠቃሚው የመረጣቸውን ቅንብሮች ማስታወስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም «ኤቲ» ኮምፒውተር ለዚህ ሲሞስ በተባለ ስልት የተሠራች፣ ኤሌክትሪክ እጅግ ቆጥባ የምትጠቀም አነስተኛ ማኅደረ ትውስታ ይዞ መጣ። ማሽኑ ከሶኬት ቢነቀል እንኳ ባትሪ ስለሚደግፋት ሰዓቱንና ቅንብሮቹን አትረሳም። ዛሬ በማዘርቦርድ ላይ የምናያት፣ የሳንቲም መልክ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ የዚያ ልማድ ወራሽ ናት። ይህቺ የማስታወስ ችሎታ ለዘወትር ጥቅም የተሰጠች ብትሆንም፣ ለተሳሳተ ትእዛዝም እኩል ታማኝ ናት። የችግሩም የመፍትሔውም ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ፍጥነት መጨመር ሲባል

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በምት ነው። ማዘርቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 100 ሚሊዮን መነሻ ምት ይሰጠዋል፤ ይህም 100 ሜጋሄርዝ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ይህን በአንድ ቁጥር ያባዛዋል። ማባዣው 45 ከሆነ ፍጥነቱ 4.5 ጊጋሄርዝ ነው፤ 50 ከሆነ 5 ጊጋሄርዝ ይሆናል። ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው ይህን ፍጥነት ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ማድረስ ነው። ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን የራም ፍጥነት መምረጫ ማብራትም በአሠራሩ ከዚሁ ይመደባል።

በ5 ጊጋሄርዝ አንድ ምት የሚቆየው ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። በዚህች ጊዜ ብርሃን እንኳ ከ6 ሴንቲ ሜትር አይርቅም። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ይህቺ ጊዜ ሳታልቅ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ተገላብጠው መርጋት አለባቸው። ካልቻሉ ቀጣዩ ምት ገና ያላለቀ መልስ ይዞ ያልፋል፤ ስሌቱም ይሳሳታል። ቮልቴጅ መጨመር ትራንዚስተሮቹ ቶሎ እንዲገላበጡ ያግዛል፤ ዋጋው ግን ሙቀት ነው።

የሙቀቱ አጨማመር ብዙዎችን ያታልላል። ፕሮሰሰር ለሥራው የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ያድጋል። ወጣቱ ፍጥነቱን ከ4.5 ወደ 5 ጊጋሄርዝ፣ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ቮልት አደረገ እንበል። ያተረፈው ፍጥነት 11 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የሚወጣው ሙቀት ግን 41 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 125 ዋት ይበላ የነበረ ፕሮሰሰር ወደ 176 ዋት ይጠጋል ማለት ነው።

ቅዝቃዜ ለፍጥነት ምን ያህል ወዳጅ እንደሆነ በዚያችው በአትላንታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 ጆርጂያ ቴክ እና አይቢኤም፣ በፕሮፌሰር ጆን ክሬስለር በተመራ ጥናት፣ ከሲሊከንና ከጀርማኒየም የተሠራ ትራንዚስተር ከ500 ጊጋሄርዝ በላይ መሥራቱን አስታወቁ። ያ ትራንዚስተር በክፍል ሙቀት 350 ጊጋሄርዝ ያህል ሲሠራ፣ ወደ ላይኛው ቁጥር የደረሰው በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ወደ 268.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ነው። የተፈተነው ነጠላ ትራንዚስተር እንጂ ሙሉ ፕሮሰሰር አልነበረም። ትምህርቱ ግን ለሳሎን ኮምፒውተርም ይሠራል፦ የፍጥነት ወሰን የሚወሰነው በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በሙቀቱም ጭምር ነው።

ስክሪኑ ለምን ጠቆረ

የመነሻ ቁልፍ ሲጫን ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጆቹን አስተካክሎ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ ይነቃና የመጀመሪያ ትእዛዙን ከባዮስ ቺፕ ያነባል። በዚህች ቅጽበት የሚሠራው በመደበኛ ፍጥነቱ ስለሆነ ጤነኛ ነው። ባዮስ ግን ወዲያው የተቀመጠለትን ቅንብር አንብቦ «50 አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ፕሮሰሰሩ በአዲሱ ፍጥነት መራመድ ሲያቅተው ባለበት ይቆማል። ምስል የሚያሳየው ክፍል ገና ተራው ስላልደረሰ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራትም አይጠቅምም፤ ያው ትእዛዝ ተነብቦ ያው ውድቀት ይደገማልና።

ብዙ የዛሬ ማዘርቦርዶች ይህን ያውቃሉ። ተደጋጋሚ ውድቀት ሲያዩ የፋብሪካውን ቅንብር ራሳቸው ይመልሱና «ፍጥነት የመጨመር ሙከራው አልተሳካም» የሚል መልእክት ያሳያሉ። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርጉም፤ የሚያደርጉትም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም።

እጅ ከመሰንዘር በፊት

አስቀድሞ መታገሥ ያስፈልጋል። በተለይ ዲዲአር 5 የተባለውን ራም የሚጠቀሙ ማሽኖች የራም ቅንብር ከተለወጠ በኋላ አዲሱን ፍጥነት ለመለማመድ ደቂቃዎች ሊፈጅባቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ማሽኑ ግን ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ 10 ደቂቃ ያህል ሳይነኩት ይጠብቁ።

ሁለተኛው ምልከታ ነው። የሚታየው ምልክት ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል፦

ማራገቢያም መብራትም ከሌለ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱን፣ ገመዱንና ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ይመልከቱ።

ማሽኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ተነሥቶ ከጠፋና ይህን ከደጋገመ፣ ወይ ባዮስ ራሱን ለማዳን እየሞከረ ነው፤ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ራሱን እየዘጋ ነው።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ በባለታሪካችን ቤት እንደሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቅንብር ነው።

የባዮሱ ምልክት ታይቶ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ ከተሰናከለ፣ ፕሮሰሰሩ ተነሥቷል፤ ሆኖም አልረጋም፣ አለዚያም በዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር ተበላሽቷል።

ብዙ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰር፣ ራም፣ የስክሪን ካርድና ማስነሻ ዲስክ ተብለው የተሰየሙ አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው። በርቶ የቀረው መብራት ማሽኑ የቆመበትን ቦታ ያሳያል። ድምፅ ማውጫ የተገጠመላቸው ደግሞ በ«ቢፕ» ድምፅ ይናገራሉ። በቀድሞው የአሜሪካን ሜጋትሬንድስ ባዮስ ልማድ 3 ድምፅ በራም መነሻ ክፍል ላይ፣ 5 ድምፅ በፕሮሰሰሩ ላይ፣ 8 ድምፅ በስክሪን ካርዱ ማኅደረ ትውስታ ላይ ችግር መኖሩን ያመለክታል። የማዘርቦርድ ሠሪዎች ይህን ልማድ ሊለውጡ ስለሚችሉ የራስዎን ማሽን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይገባል።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ የምስጢር ቁልፍ ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው መቆለፊያ ቆልፎት ከሆነ፣ የባዮስ ቅንብር ሲሰረዝ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ በስልክ ገብቶ ማየትም ይቻላል። ቁልፉ ከሌለ የእናት ፎቶግራፎችና የአባት ሰነዶች ዲስኩ ላይ እያሉ የማይከፈቱ ይሆናሉ። ስለዚህ ቁልፉ የት እንዳለ ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

ትእዛዙን ማስረሳት

ማሽኑን ያጥፉ፤ የኃይል ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከዚያም የመነሻ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ይህ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። ከመክፈትዎ በፊት ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ በሰውነት ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊጎዳ ይችላልና። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አይክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አሁን ሲሞስ የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጉ። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለዚህ የተዘጋጀ ቁልፍ ከኋላቸው አላቸው። ሌሎቹ ባትሪዋ አጠገብ ሁለት ወይም ሦስት የብረት እግሮች አሏቸው። መመሪያው እንደሚያዘው ሁለቱን እግሮች በጃምፐር፣ ካልተገኘም በካቻቢቴ ጫፍ፣ ለ10 ሰከንድ ያህል ያገናኙና ይልቀቁ። ጃምፐር ተጠቅመው ከሆነ ወደ ቦታው መመለሱን አይርሱ።

እንዲህ ያለ እግር ካልተገኘ ባትሪዋን አውጥቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ መመለስ ይቻላል፤ የመደመር ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሆናል። በብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ግን ቅንብሩ በከፊል የሚቀመጠው ባትሪ በማያስፈልገው በባዮሱ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ፣ ባትሪ ማውጣት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ እግሮቹን ማገናኘት ይመረጣል። ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ባትሪዋን ከዓይንዎ አያርቁ። ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፤ እንዲህ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ግድ ነው።

ገመዱን መልሰው ያብሩት። የመጀመሪያው አነሣስ ከወትሮው ሊዘገይ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ጠፍቶ ሊበራ ይችላል። በአብዛኛው የባዮሱ ገጽ እዚህ ላይ ብቅ ይላል።

ከተነሣ በኋላ የሚመጣው ወጥመድ

ሲሞስ ሲጠፋ የፍጥነቱ ትእዛዝ ብቻ አይጠፋም፤ ሌሎቹም ቅንብሮች ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ። ሰዓቱ ይዛባል፤ ቀኑ የተሳሳተ ከሆነም ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። የማስነሻ ዲስኮች ቅደም ተከተል ሊቀየር ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው የዲስክ አሠራር ስልት ሲለወጥ ነው። ዊንዶውስ የተጫነው በ«ሬይድ» ስልት ሆኖ ባዮስ ወደ «ኤኤችሲአይ» ከተመለሰ፣ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ ማሽኑ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ዲስኩ ተበላሸ ብለው ሁሉንም አጥፍተው እንደገና ይጭናሉ። ጠፍቶ የቀረው መረጃ ግን አንድ ምርጫ ወደ ነበረበት በመመለስ ይተርፍ ነበር። የቀድሞውን ቅንብር በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ባዮሱ ጤነኛ ሆኖ ዊንዶውስ አሁንም ካልተነሣ፣ ያልረጋው ፕሮሰሰር ወይም ራም በዲስኩ ላይ የተሳሳተ ነገር ጽፎ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት የቤተሰቡን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ማገናኘት፣ ወይም ማሽኑን ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ማስነሣት ይቻላል። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁንም ዝም ካለ

ሲሞስ ጠፍቶም ስክሪኑ ከጠቆረ ማሽኑን ወደ ዝቅተኛ አካሉ ማውረድ ያስፈልጋል። ገመዱን ነቅለው ዲስኮችንና ተጨማሪ ካርዶችን ያላቅቁ። አንድ ራም ብቻ መመሪያው በሚያዘው ቦታ ይተዉ፤ መጀመሪያ አውጥተው እንደገና አጥብቀው ይሰኩት። ፕሮሰሰሩ የራሱ የምስል ክፍል ካለው የስክሪን ካርዱንም አውጥተው ሞኒተሩን ከማዘርቦርዱ ጋር ያገናኙ። በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 8 እግር የኃይል ገመድ መጥበቁን፣ የማቀዝቀዣው ማራገቢያም መሰካቱን ይመልከቱ።

በአንድ ራም ከተነሣ ሌሎቹን አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ ጥፋተኛው ሲመለስ ራሱን ያሳያል። ካልተነሣ ራሙን በሌላው ይለውጡ። ቀጥሎ፣ ማዘርቦርዱ ባዮስን ከፍላሽ ያለ ፕሮሰሰር እርዳታ የሚጭን ቁልፍ ካለው፣ ከሠሪው ድረ ገጽ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን ፋይል ብቻ አውርደው ይጠቀሙበት። በዚህ መካከል ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ መጠንቀቅ ያሻል። የመጨረሻው ፈተና መለዋወጥ ነው፦ በትክክል የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ከወዳጅ ተውሶ መሞከር፣ ከዚያም ፕሮሰሰሩን በሌላ ተስማሚ ማዘርቦርድ ላይ ማየት። ገንዘብ ማውጣት የሚገባው እዚህ ደረጃ ላይ ተደርሶ ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

የማይመለስ ጉዳት

ፍጥነት ብቻውን ፕሮሰሰር አይሰብርም፤ አቅም ሲያንሰው ይቆማል፣ ሙቀቱ ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጋም ዘመናዊ ፕሮሰሰር ራሱን ያዘገያል። ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀስ በቀስ የቺፑን ውስጣዊ አካል ያዳክማል፤ ትናንት በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይሠራ የነበረው ዛሬ በዚያው አልነሣ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታየው ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በዚያ ዓመት ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ለታየው መዋዠቅ ከፍ ያለ የሥራ ቮልቴጅ አንዱ ምክንያት መሆኑን ገልጾ የባዮስ ማሻሻያ አወጣ፤ በችግሩ ለተነኩት ሞዴሎችም ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዘመ። ማሻሻያው ወደፊት የሚደርሰውን ጉዳት ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን ቺፕ አይፈውስም። እነዚህ ማሽኖች ባለቤቶቻቸው ፍጥነት ሳይጨምሩባቸው የታመሙ ነበሩ። እንግዲህ በራሱ እጅ ቮልቴጅ የሚጨምር ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም። የራስ ሙከራ ያደረሰው ጉዳት የፋብሪካ ዋስትናን ሊያሳጣ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ወደ አገር ቤት ለሚላክ ማሽን

በአትላንታ ያገለገለ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ ይሄዳል። ፍጥነት የተጨመረበት ከሆነ ከመላኩ በፊት ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ይኖርበታል። አትላንታ ከባሕር ጠለል በላይ 320 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከአትላንታው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ በቆላማ ከተሞች ግን ይህም እርዳታ የለም። እዚህ የረጋ ቅንብር እዚያ ላይረጋ ይችላል፤ በዚያ ያለው ዘመድም ባዮስ ውስጥ ምን እንደተቀየረ አያውቅም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አሜሪካ በ120፣ ኢትዮጵያ በ220 ቮልት ይጠቀማሉ። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ከጀርባቸው በእጅ የሚገፋ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አላቸው። 115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ውስጥ የተሰካ ማሽን በዚያው ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ይህ በሲሞስ የሚድን አይደለም።

እንደገና ለመሞከር

ክላርክስተን ወዳለው ቤት እንመለስ። ወጣቱ ከተጣደፈ ሰኞ ጠዋት እኅቱ ፈተናዋን የምትወስድበት ማሽን የለም። ካልተጣደፈ ግን የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴ፣ የማዘርቦርዱ መመሪያና ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ትዕግሥት ነው። ማሽኑ ሲነሣም የመጀመሪያ ሥራው ሌላ ቁጥር መሞከር መሆን የለበትም፤ የሁሉንም ፋይል ቅጂ ማስቀመጥ እንጂ።

ከዚያ በኋላ መሞከር ከፈለገ መንገዱ ቀስ በቀስ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፦ ማባዣውን በ1 ከፍ ያድርግ፤ ማሽኑን ለሰዓታት በከባድ ሥራ ይፈትን፤ ሙቀቱን ይመልከት፤ ያየውን በወረቀት ይጻፍ። ራም ሲነካ ሜምቴስት 86ን በመሰለ መፈተሻ ሳያሳልፍ አይመነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ማሽኑ ሲቆም የትኛው እንዳቆመው አያውቅም፤ አንድ ብቻ የለወጠ ግን መልሱ በእጁ ነው። የቤተሰቡ ብቸኛ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ 11 በመቶ ፍጥነት ለመጨመር ሲባል የሁሉንም ሥራ አደጋ ላይ መጣል ይገባ እንደሆነ ቁጥሩን ከመቀየሩ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ይማከር።